ጋጋሪን የወደቀበት ደን

ከሞስኮ ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ብትጓዙ፣ በቭላዲሚር ክፍለ ሀገር ከኪርዣች ከተማ ወዲያ፣ ኖቮስዮሎቮ ከምትባል መንደር አጠገብ ወደሚገኝ ደን ትደርሳላችሁ። በደኑ መካከል ከድንጋይ የተሠራ ረጅም ሐውልት ቆሟል። ቀና ብላችሁ ብትመለከቱ በአንድ ወገን ያሉት ዛፎች ጫፋቸው በሰያፍ እንደ ተቆረጠ ታስተውላላችሁ። ይህም አንድ የጦር ጄት አውሮፕላን ቍልቍል የወረደበትን መሥመር ጎብኚ ሁሉ በዓይኑ እንዲያይ የተደረገ ነው። አውሮፕላኑ ለማሠልጠኛ የተሠራ ሚግ 15 ሲሆን፣ በውስጡ ከነበሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ከሰው ዘር ሁሉ ቀድሞ ወደ ጠፈር የወጣው ዩሪ ጋጋሪን ነበር።

ጋጋሪን በእኛ አቆጣጠር የካቲት 30 ቀን 1926 ዓ.ም. ክሉሺኖ በተባለች መንደር ከአንድ አናጢ ቤት ተወለደ። ሰባት ዓመት ሲሆነው የጀርመን ጦር መንደሪቱን ያዘ፤ ቤታቸውንም ስለ ነጠቀ ቤተሰቡ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በላይ መሬት ቈፍሮ በሠራው ጎጆ ውስጥ ኖረ። ታላቅ ወንድሙና እኅቱም ለግዳጅ ሥራ ተወሰዱ። ከጦርነቱ በኋላ ብረት የማቅለጥ ሙያ ተምሮ በሳራቶቭ ከተማ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ፤ በትርፍ ጊዜውም ከበረራ ክበብ እየሄደ ማብረር ለመደ። በ1950 ዓ.ም. የጦር አውሮፕላን አብራሪ ሆነ።

ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. በቮስቶክ መንኰራኩር ምድርን አንድ ጊዜ ዞሮ፣ ከ108 ደቂቃ በኋላ በጃንጥላ ተንሳፍፎ ከአንድ የእርሻ ማሳ ላይ አረፈ። ይህን የማያውቅ የለም። ከዚያ ወዲህ የደረሰበትን ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም። መንግሥቱ እንደ ብርቅ ዕቃ ይጠብቀው ጀመር፤ በየአገሩ እየዞረ እንዲታይ እንጂ እንዲበር አልተፈለገም። በ1959 ዓ.ም. ጓደኛው ቭላዲሚር ኮማሮቭ ከጠፈር ሲመለስ ጃንጥላው በደንብ ሳይዘረጋ ቀርቶ ሞተ። ጋጋሪን የዚያው ጉዞ ተጠባባቂ ነበርና ዳግመኛ ወደ ጠፈር እንዳይወጣ ታገደ። እስቲ አስቡት፤ ያን ጊዜ ዕድሜው ገና 33 ዓመት ነበር!

እርሱ ግን አልተቀመጠም። በየካቲት 1960 ዓ.ም. ከአየር ኃይል የምሕንድስና አካዳሚ ተመረቀ፤ ብቻውን እንዲያበር ፈቃድ ለማግኘትም እንደ ጀማሪ ከአሠልጣኝ ጋር ልምምድ ያዘ። መጋቢት 18 ቀን 1960 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ካለፈ በኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ከተዋጋው ከቭላዲሚር ሰርዮጊን ጋር ተነሣ። ሰማዩ ደመናማ ነበር። ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ ልምምዱን መጨረሱንና መመለሱን በሬዲዮ አስታወቀ፤ ወዲያው ድምፁ ጠፋ።

ፈላጊዎቹ በመጀመሪያ የለዩት የሰርዮጊንን አስከሬን ነበር። ስለዚህ ጋጋሪን በጃንጥላ ዘሎ ድኖ ይሆናል በማለት በረዶውን እየጣሱ ደኑን ሲያስሱ አደሩ። በማግሥቱ የበረራ ጃኬት ቍራጭ ከዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ፤ በኪሱም በጋጋሪን ስም የተጻፉ የቁርስ ኩፖኖች ነበሩ። ተስፋው በዚያው ተቆረጠ።

የምርመራው ውጤት ለብዙ ዘመን ምስጢር ሆኖ ኖረ። በ2003 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ አብራሪዎቹ ምናልባት የአየር ጠባይ መለኪያ ፊኛን ለመሸሽ ወይም ወደ ደመና ላለመግባት በድንገት ሳይታጠፉ አልቀሩም የሚል ነበር። የጠፈር ጓደኛው አሌክሴይ ሌኦኖቭ በበኩሉ፣ ሌላ ጄት እጅግ ተጠግቶ በማለፉ አውሮፕላኑ ሚዛኑን ሳተ ብሏል። አከራካሪነቱ ዛሬም አልቀረም።

የሁለቱም አመድ በሞስኮ በክሬምሊን ግንብ ውስጥ ተቀምጧል። ሆኖም በየዓመቱ ያ ዕለት ሲደርስ አብራሪዎችና የጠፈር ተጓዦች ወደ ደኑ እየሄዱ ከሐውልቱ ሥር አበባ ያኖራሉ።