የዐፄ ካሌብ ሀብት

ዐፄ ካሌብ በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአክሱም የነገሡ ናቸው። የናግራን ክርስቲያኖች በዙ ኑዋስ እጅ ማለቃቸውን በሰሙ ጊዜ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ525 ዓ.ም. ግድም፣ ሠራዊታቸውን በመርከብ አሳፍረው ቀይ ባሕርን ተሻገሩ፤ ድልም አደረጉ። የሮማ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከቅዱሳን ቈጥራ ታስባቸዋለች።

ከአክሱም በስተሰሜን ምሥራቅ ካለው ኮረብታ ላይ የእርሳቸውና የልጃቸው የዐፄ ገብረ መስቀል የሚባለው መካነ መቃብር ይገኛል። የአገሩ ሰው ከዚያ ሥር እስከ ቀይ ባሕር የሚደርስ፣ ወርቅና ዕንቍ የተከማቸበት ዋሻ አለ እያለ ሲተርክ ኖሯል። በፔሩ የኩዝኮ ሰዎችም ስለ ኢንካ ነገሥታት ወርቅ ይህን የመሰለ ታሪክ ያወራሉ። በአክሱም ግን ደረጃውን ለወረደ ሰው የሚታየው የመቃብር ክፍል እንጂ የባሕር መንገድ አይደለም።

ትውፊት እንደሚለው ንጉሡ ከድሉ በኋላ ዘውዳቸውን በጌታ መቃብር እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም ሰደዱ፤ ራሳቸውም መንግሥቱን ትተው በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነኰሱ። ዘውዳቸውን እንኳ ለራሳቸው ያላስቀሩ ሰው ወርቅ ሸሸጉ መባሉ ከሕይወታቸው ጋራ አይስማማም። ለትውልድ የተረፈው ሀብት፣ ማዕዘኑ ልዩ ልዩ ሆኖ ሳለ ስንጥቅ ሳይተው የተገጣጠመው ድንጋይ ነው፤ ወርቅ ፍለጋ የሚቈፍር እጅ የሚያፈርሰውም ይህንኑ ነው።