ጡሩምባው ሳይነፋ የደረሱት እንደራሴ፤ የሚኪ ሌላንድ አጭር የሕይወት ታሪክ



ዘንድሮ በዚህ በዓመታዊው መጽሔታችን ላይ ታሪኩን ልናወራ የመረጥነው ሰው የባዕድ አገር ሰው ነው። አንዳንዶቻችሁ የአገራችን ታላላቅ ሰዎች አልቀው ነው ወይ አሜሪካ ድረስ የተሄደው ትሉን ይሆናል። ነገር ግን እኚህ ሰው የሞቱት በእኛው ምድር፣ ከእኛው ወገኖች ጋር በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ውስጥም በስማቸው የተሰየመ መንገድ አለ። በዚያ መንገድ በየቀኑ ከምንመላለሰው ውስጥ ግን ሚኪ ሌላንድ ማን ናቸው ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የሚሰጠው ጥቂቱ ነው። እንግዲህ ታሪካቸውን ማወቅ እዳችን ነው ብለን ተነሣን። ከእድራችን ሥራ ጋር የሚያገናኘንም ነገር አለ፤ እሱን ወደ ማብቂያው ላይ እናመጣዋለን።

ሙሉ ስማቸው ጆርጅ ቶማስ ሌላንድ ሲሆን ሚኪ የቤት ስማቸው ነው። የተወለዱት ኅዳር 18 ቀን 1937 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1944) በቴክሳስ ግዛት ላቦክ በምትባል ከተማ ነበር። ገና ሕፃን ሳሉ አባታቸው ከቤት ስለ ተለዩ፣ እናታቸው ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ይዘው ሂዩስተን ከተማ ገቡ። የኖሩበት ሰፈር ፊፍዝ ዋርድ ይባላል፤ ያን ጊዜ ብዙ ድኃ ጥቁሮች የሚኖሩበት ነበር። እናትየው እየሠሩም እየተማሩም መምህርት እስከ መሆን ደረሱ። ዘመኑ ጥቁርና ነጭ በትምህርት ቤትም፣ በምግብ ቤትም፣ በአውቶቡስም የሚለያይበት ክፉ ዘመን ነበረ። ልጅየው ያደጉት ይህን ሁሉ እያዩ ነው።

ሚስተር ሌላንድ እዚያው ሂዩስተን በሚገኘው በቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ቅመማ ሙያ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1970 ተመረቁ። ጥቂት ጊዜም በዚያው ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። እንደ ጓደኞቻቸው መድኃኒት ቤት ከፍተው ተደላድለው መኖር ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ድሆች በሚኖሩባቸው ሰፈሮች ቤት ለቤት እየዞሩ ሕዝቡ ስለ ጤናው የሚመከርበትን፣ በነፃ የሚመረመርበትንም አገልግሎት ማደራጀት ያዙ። ሕዝቡም ያወቃቸው በራፉን ሲያንኳኩ ነው። የኋላው የምክር ቤት ሥራቸው ሁሉ ሥሩ እዚህ ላይ ነው ብንል አንሳሳትም።

እ.ኤ.አ. በ1972 ለቴክሳስ ግዛት ምክር ቤት ተመረጡ። በዚያም ስድስት ዓመት ሲያገለግሉ ዋና ነገራቸው የድኃ ጤና ሆነ። መድኃኒት እንደሚታወቀው የአንድ ፋብሪካ የንግድ ስም ሲለጠፍበት ይወደዳል፤ ያው መድኃኒት ያለዚያ ስም ሲሸጥ ግን ይረክሳል። ሚስተር ሌላንድ ሙያቸው ነውና ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ስለዚህ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሕዝብ ርካሹን መድኃኒት እንዲያገኝ የሚያደርግ ሕግ እንዲወጣ ታግለው አስወጡ።

እ.ኤ.አ. በ1978 ስመ ጥሩዋ ጥቁር እንደራሴ ባርባራ ጆርዳን ከዋሽንግተን ምክር ቤት ለመልቀቅ በወሰኑ ጊዜ፣ ሚስተር ሌላንድ ለዚያ ወንበር ተወዳድረው አሸነፉ። ከዚያ ወዲያ በየሁለት ዓመቱ በሚደረገው ምርጫ የሰፈራቸው ሕዝብ እየደጋገመ መረጣቸው፤ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ድረስም የጥቁር እንደራሴዎች ኅብረት ሊቀ መንበር ነበሩ።

አቋማቸው ምን ነበር ቢባል፣ በአጭሩ ደካማው ወገን ድምፅ ይኑረው ነው። እንግሊዝኛ ያልጠራላቸው ዜጎች በቋንቋቸው እየተረዱ ድምፅ እንዲሰጡ የሚያደርገው ሕግ ለክርክር ሲቀርብ፣ በምክር ቤቱ ውስጥ ተነሥተው በስፓንኛ ተናገሩ። አብዛኞቹ እንደራሴዎች ምን እንደተባለ አልገባቸውም። ታዲያ ዓላማው ይኸው አልነበረም እንዴ? በማያውቁት ቋንቋ መዳኘት ምን እንደሚመስል በራሳቸው ላይ አሳዩአቸው። በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ አገዛዝ ላይ ማዕቀብ እንዲጣል ከታገሉትም አንዱ ነበሩ። ጥቁሮችና አይሁዶች ቀድሞ የነበራቸው ወዳጅነት ሲሻክር ባዩ ጊዜም፣ ከሂዩስተን ሰፈሮች ወጣቶች እስራኤል ሄደው በኪቡትዝ እርሻዎች እንዲቆዩ የሚያደርግ ፕሮግራም አቋቋሙ።

ከሁሉ የበለጠው ሥራቸው ግን የረኃብ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት ለራሱ ድሆች የሚሰጠውን የምግብ ድጎማ ቀንሶ ነበር። ሚስተር ሌላንድ ይህን ተቃወሙ። ከሌላው ፓርቲ ከነበሩት ከእንደራሴ ቤንጃሚን ጊልማን ጋር ተባብረውም የረኃብን ነገር ብቻ የሚመረምር ልዩ ኮሚቴ በምክር ቤቱ እንዲቋቋም አደረጉ፤ ሊቀ መንበሩም ራሳቸው ሆኑ። ኮሚቴው ሕግ የማርቀቅ ሥልጣን አልነበረውም። ሥራው ምስክር መስማት፣ ቦታው ድረስ ሄዶ ማየትና ያየውን ለምክር ቤቱ ማቅረብ ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ ኮሚቴ የተቋቋመው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ነው። የወሎና የትግራይ ረኃብ በቴሌቪዥን ታይቶ ዓለም የደነገጠው ግን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ነው። ሰውየው ጡሩምባው ሳይነፋ ተነሥተው ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላማ ዕረፍት አላገኙም። ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሱዳን እየተመላለሱ የመጠለያ ጣቢያዎችን ጎበኙ። ሱዳን ውስጥ በረኃብ የደከመች አንዲት ልጅ አይተው፣ ከአጠገባቸው ካለው ሰው ጋር ጥቂት ቃል ተነጋግረው ዘወር ሲሉ ልጅቱ ሞታ አገኟት። የዚያች ልጅ ፊት ከዓይናቸው እንዳልጠፋ ይናገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ምክር ቤቱ ለአፍሪካ ረኃብተኞች ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ እርዳታ እንዲፈቅድ ካደረጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ እሳቸው ናቸው። በዚያን ጊዜ የደርግ መንግሥትና ዋሽንግተን ዓይንና ናጫ እንደነበሩ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ለእንዲህ ያለ መንግሥት አገር እህል መላክ ተገቢ ነው ወይ የሚል ክርክር በየጊዜው ይነሣ ነበር። ሚስተር ሌላንድ የሚከራከሩት የሕፃን ልጅ እህል በመንግሥቱ ርዕዮተ ዓለም አይመዘንም እያሉ ነው።

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ሰኞ ቀን ነበር፤ የፍልሰታ ጾም የገባበት ዕለት ነው። ሚስተር ሌላንድና አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች፣ በጋምቤላ ፉኝዶ የሰፈሩትን የሱዳን ስደተኞች ለመጎብኘት ከአዲስ አበባ በትንሽ አውሮፕላን ተነሡ። ከነዚያ ስደተኞች ብዙዎቹ ያለ ወላጅ በእግራቸው የመጡ ልጆች ነበሩ። አውሮፕላኑ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበር። ክረምት ነው፤ ተራራውን ደመና ሸፍኖታል። አውሮፕላኑም ፉኝዶ ሳይደርስ ቀረ። ሁለቱ የማይዋደዱ መንግሥታት ያን ጊዜ ተባበሩ፤ የአሜሪካ አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እንዲያስሱ ተፈቀደ። ስብርባሪው የተገኘው እሑድ ነሐሴ 7 ቀን ከተራራ ላይ ነው። ተሳፍረው ከነበሩት 16 ሰዎች የተረፈ አልነበረም። ከነሱም ውስጥ የእኛ የኢትዮጵያውያን ልጆች ነበሩ። የእንደራሴው ስም ሲነሣ የነሱም ነፍስ አብራ እንድትታሰብ አደራ እንላለን።

ሚስተር ሌላንድ ሲሞቱ ዕድሜያቸው 44 ዓመት ነበር። የተቀበሩት በሂዩስተን ነው። ባለቤታቸው በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበሩና ከጥቂት ወራት በኋላ መንታ ወንዶች ልጆች ወለዱ፤ አባታቸውን ሳያዩ ቀሩ። በሂዩስተን የመንግሥት ሕንፃና የአውሮፕላን ጣቢያው የዓለም አቀፍ መንገደኞች ሕንፃ በስማቸው ተሰይመዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ምክር ቤቱ ያን የረኃብ ኮሚቴ ሲዘጋው፣ በቦታቸው ሊቀ መንበር የሆኑት እንደራሴ ቶኒ ሆል በመቃወም 22 ቀን ውኃ ብቻ እየጠጡ ጾሙ። በዚያው ዓመትም ለድኃ ቤተሰቦች የሚሰጠውን የምግብ ድጎማ የሚያሻሽል፣ በሚኪ ሌላንድ ስም የተጠራ ሕግ ወጣ። ኮሚቴው ቢዘጋም ነገሩ አልሞተም ማለት ነው።

አሁን ወደ እድራችን እንመለስ። እኛ ሰው ሲሞት ደካሞች አይደለንም። ጡሩምባው ሲነፋ ከየቤታችን ወጥተን ድንኳን እንተክላለን፤ ወንበርና ዕቃ እናወጣለን፤ እንቀብራለን፤ ሐዘንተኛውን እናስተዛዝናለን። ይህ የሚያኮራን ነው። ነገር ግን እርስ በርሳችን አንሸንጋገል። ከመካከላችን ምግብ አንሶት፣ መድኃኒት መግዣ አጥቶ ቤቱ ተኝቶ የከረመ አለ፤ በራፉን ያላንኳኳን ሰዎች ለቀብሩ ግን ቀድመን ተገኝተናል። ያዋጣነው ገንዘብ በሕይወት ሳለ ቢደርሰው ኖሮ ለስንቱ ቀን ስንቅ በሆነው ነበር!

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን። እኚህ ሰው ከሩቅ መጥተው የቅርብ ጎረቤት ሆኑልን። ሥራውን የጀመሩት ደግሞ በዋሽንግተን አዳራሽ አይደለም፤ በሰፈራቸው በራፍ እያንኳኩ ነው። በራፍ ማንኳኳት ለእኛም አያቅተንም። ስለዚህ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከወርኃዊው መዋጮ ጥቂቱ ለታመመና ለተቸገረ አባል በቁሙ እንዲደርስ፣ በየመንደሩም ቤት ለቤት የሚጠይቁ ሁለት ሁለት ሰዎች እንዲመረጡ ሐሳብ እናቀርባለን። ደንቡ የሁላችን ነውና አስቡበት፤ ተነጋገሩበትም።

የሟቾችን ሁሉ ነፍስ ይማርልን። ለከርሞ በሰላም ያድርሰን።