ሦስት ፊደላትን ያጠላለፈው ካሳንድር

በሙያ ስሙ ካሳንድር በመባል የሚታወቀው ሠዓሊ አዶልፍ ሙሮን እ.ኤ.አ. በ1901 ከፈረንሳውያን ወላጆች በዩክሬን ካርኪቭ ከተማ ተወለደ። በፓሪስ ለባቡርና ለመርከብ ድርጅቶች ባዘጋጃቸው ፖስተሮች ዝናን አተረፈ፤ ከእነዚህም የ1935ቱ የኖርማንዲ መርከብ ፖስተር ተጠቃሽ ነው።

በ1961 ኢቭ ሳን ሎራን የፋሽን ቤቱን ሲመሠርት አርማውን የነደፈለት ይኸው ሠዓሊ ነበር። ካሳንድር ዝግጁ የማተሚያ ፊደል አልተጠቀመም። ዋይ፣ ኤስና ኤል የተሰኙትን የላቲን ፊደላት በእጁ ስሎ፣ ቀጭንና ወፍራም መስመር እያፈራረቀ፣ ከላይ ወደ ታች እርስ በርስ አጠላለፋቸው። ለልብስ ሰፊ ቤት የተገባ ንድፍ ነው፤ ፊደላቱ እንደ ክር ይተላለፋሉ።

በመጨረሻ ዘመኑ የነደፈው አዲስ የማተሚያ ፊደል ግን ተቀባይነት አላገኘም። በ1968 ፓሪስ ውስጥ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ኩባንያው በ2012 የልብሶቹን መጠሪያና የስሙን አጻጻፍ ሲለውጥ የተጠላለፉትን ሦስት ፊደላት አልነካም።