የስም መዝገብ ጠባቂው ጆን ፖስቴል

አንድ ቀን ኮምፒዩተር ብከፍት የጻፍሁትን የድረ ገጽ ስም አላገኝም አለኝ። መምህሬ የስም ፈላጊውን አድራሻ በቁጥር ቢያስገቡልኝ ወዲያው ተከፈተ። ይህን ሥርዓት ማን አቆመው ብዬ ብጠይቅ የጆን ፖስቴልን ታሪክ አገኘሁ።

ፖስቴል በ1935 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ተወለዱ። ሰው የሚያስታውሰው ስም፥ ኮምፒዩተር የሚያውቀው ግን ቁጥር ነው። ቀድሞ ሁሉም በአንድ መዝገብ ይጻፍ ነበር። መዝገቡ እየበዛ ቢያስቸግር፥ ፖስቴል ለባልደረባቸው ለፖል ሞካፔትሪስ መላ እንዲፈልግ ሰጡት፤ በ1976 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓት ወጣ።

ለየአገሩ የስም ምልክት የሚሰጡት ፖስቴል ነበሩ። የኢትዮጵያም «ኢቲ» በ1988 ዓ.ም. በእርሳቸው ዘመን ተመዘገበ። በጥቅምት 1991 ዓ.ም. በ55 ዓመታቸው ዐረፉ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ የሁሉን ስም የጠበቁትን ሰው ስም እኛም አንርሳ።