ከኳራ እስከ ደረስጌ፦ የዐፄ ቴዎድሮስ ማንነትና የማኅበረሰቡ ዐይን

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ በጭልጋዋ አይከል ያልፋል። ከዚያ በስተደቡብ ምዕራብ እስከ ሱዳን ጠረፍ የሚዘልቀው ቆላ ኳራ ነው። በ1811 ዓ.ም. ገደማ የተወለደው ካሣ ኃይሉ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የዚህ ጠረፍ ልጅ ነበር።

ሰው ራሱን የሚያውቀው ሌሎች እንዴት እንደሚያዩት በመገመት ጭምር መሆኑን አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ቻርልስ ኩሊ በ1902 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል። የካሣ ሕይወት በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምራል፤ ይኸውም የሚመለከቱት ወገኖች ብዙ ሆነው ፍርዳቸው ሲቃረን ሰው የትኛውን ይቀበላል የሚል ነው።

አባቱ ከኳራ ገዥዎች ወገን ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ ግን እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ለችግር ተዳረጉ። ኮሶ ሸጠው ልጃቸውን አሳደጉ የሚለው ወሬ የጠላት ፈጠራ ይሁን እውነት ቢያከራክርም፣ የኮሶ ሻጭ ልጅ የሚለው ስድብ ካሣን በየደረሰበት ተከትሎታል። ስድቡ ከአባቱ ዘር ነጥሎ ከድኾች ተርታ የሚያሰልፍ ነበር።

ደጃዝማች ክንፉ ከሞቱ በኋላ ግዛታቸው በእቴጌ መነን እጅ ሲገባ ካሣ በኳራ ሸፈተ። በሽፍታው ማኅበር ሰው የሚመዘነው በትውልዱ ሳይሆን በጀግንነቱና በለጋስነቱ ነበር። ደብተራ ዘነብ በዜና መዋዕሉ እንደመዘገበው ካሣ ምርኮውን ለገበሬዎች አካፍሏል። ቤተ መንግሥቱ የናቀውን ሰው በረሃው መሪ አደረገው።

መነን የልጃቸውን የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ቢድሩለትም ንቀቱ አልቀረም። ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ተሸነፈ፤ ካሣም ኮሶ እንዳጠጣው ይተረካል። ትረካው በቀልን ብቻ አያሳይም። ካሣ ባላጋራውን ያዋረደው በራሱ በባላጋራው ሚዛን ነው፤ ኮሶን ነውር ያደረገውን የመኳንንት ፍርድ አልሻረም፣ ወደ ሌላው አዞረው እንጂ።

በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባና በአይሻል፣ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ድል አድርጎ፣ በዚያው ዓመት የካቲት በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ነገሠ። ቴዎድሮስ የሚለውን ስም የመረጡት ሕዝቡ ይጠብቀው በነበረው ጻድቅ ንጉሥ ትንቢት ነው። ትንቢቱ የዘር ሐረግን ሳይሆን ጽድቅን የሚሻ ነበር። ንጉሡ ግን በዚህ ብቻ አላረፉም፤ ከሰሎሞን ዘር እወለዳለሁ ሲሉ የመኳንንቱንም ማረጋገጫ ፈለጉ። ተዋበች ከሞቱ በኋላ የተሸናፊውን የደጃዝማች ውቤን ልጅ ጥሩወርቅን ማግባታቸውም ከዚህ ጋር ሊታይ ይችላል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት መኳንንቱ ሸፈቱ፣ ሠራዊቱም እየከዳ ተመናመነ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ንጉሡ እጃቸውን ከመስጠት በገዛ ሽጉጣቸው መሞትን መረጡ።

ከዚህ ሕይወት የሚገኘው ትምህርት ሁለት ገጽ አለው። ሰው ከሚንቀው ወገን ፍርድ ማምለጥ የሚችለው ሌላ የሚያከብረው ወገን ሲያገኝ ነው፤ የካሣ የኳራ ማኅበር ይህን ያሳያል። የናቀው ወገን ሚዛን ግን በልቡ ከሰረጸ፣ ያ ወገን ድል ከተነሣ በኋላም ዳኛ ሆኖ ይቀራል።