ውኃን ሽቅብ ያወጣው መሐንዲስ፤ አልፍሬድ ኢልግ

ኋላ ጣሊያኖች ለመንግሥታቸው ሠራተኞች ቤት ሠርተው ካዛንቺስ የሚለውን ስም ካተረፉለት ሠፈር በላይ፣ በታላቁ ቤተ መንግሥት ኮረብታ፣ በ1880ዎቹ አጋማሽ ብዙ ሰው የተጠራጠረው አንድ ሥራ ይካሄድ ነበር። ይኸውም ከእንጦጦ በኩል ውኃ በቧንቧ አምጥቶ ወደ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግቢ ማስገባት ነው። የሥራው ኃላፊ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነበር፤ በዘመኑ አጠራር ሙሴ ኢልግ።

ኢልግ በ1846 ዓ.ም. ፍራውንፌልድ በምትባለው የስዊስ ከተማ ተወለደ፤ በዙሪክ ፖሊቴክኒክም የምሕንድስና ትምህርቱን ፈጸመ። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከአውሮፓ የጥበብ ዐዋቂ ይፈልጉ ስለ ነበር፣ በ1871 ዓ.ም. ከሁለት ስዊሳውያን የእጅ ባለሙያዎች ጋር አንኮበር ደረሰ። ያን ጊዜ 25 ዓመት እንኳ አልሞላውም። ጫማ ከመሥራት አንሥቶ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ እስከ መዘርጋት የታዘዘውን ሁሉ ሠራ።

የውኃው ነገር ግን ከሁሉ የከበደ ነበር። ወንዝና ቦይ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ውኃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይሄድም፤ መኳንንቱ ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም። መስመሩ ከተራራው ወርዶ እንደገና ወደ ግቢው ኮረብታ መውጣት ነበረበት። ለመሐንዲስ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ምንጩ ከግቢው ከፍ ካለ፣ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውኃ ከፍታውን ፈልጎ ይወጣል። ሕጉ የሚሠራው ግን ቧንቧው ከጫፍ እስከ ጫፍ ደኅና ሲሆን ነው። ከምንጩ በታች በየ10 ሜትሩ ዝቅታ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ይጨመራል፤ ስለዚህ ብርቱው ግፊት የሚያርፈው ከመስመሩ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። የላላ መጋጠሚያ ወይም ለዓይን ያልታየ ስንጥቅ ካለ የሚጋለጠው በዚያ ነው። ስንጥቁን አስቀድሞ የሚናገር መሣሪያ በዚያ ዘመን አልነበረም፤ የረጠበ አፈር መፈለግ፣ የጎደለውን ውኃ መለካት፣ ጆሮን ማስጠጋት፣ ዘዴው ይኸው ነበር። በ1886 ዓ.ም. ውኃው ግቢ ገባ፤ ለድንቁም ግጥም ተገጠመለት።

ጋዝ የሚያስተላልፍ ቧንቧ ሲሰነጠቅ እንደ ውኃ አፈር አያረጥብም። ስለዚህ ዛሬ በእነዚህ መስመሮች ውስጥ ጋዙ ራሱ እየገፋ የሚያስጉዘው መመርመሪያ ይላካል። መመርመሪያው የብረቱን ግድግዳ ማግኔት ያደርገዋል፤ ግድግዳው በሳሳበት ቦታ የማግኔቱ መስክ ሲያፈተልክ ሴንሰሮቹ ይመዘግባሉ። በቧንቧው ርዝመት የተጋደመ ቀጭን ስንጥቅ ግን ከዚህ ሊያመልጥ ይችላል። ለእርሱ የሚሻለው ጆሮ የማይሰማው ረቂቅ ድምፅ ነው፤ ነገር ግን ድምፁን ከመሣሪያው ወደ ብረቱ የሚያሻግር ፈሳሽ በጋዝ መስመር ውስጥ የለም። በዚህ ምክንያት ድምፁን በኤሌክትሮማግኔት ኃይል እዚያው ብረቱ ውስጥ የሚፈጥሩ ሴንሰሮች ተሠሩ። ኢትዮጵያና ጂቡቲ በ2011 ዓ.ም. የኦጋዴንን ጋዝ ወደ ባሕር ለሚያደርስ ቧንቧ ስምምነት ሲፈራረሙ፣ ይህ ዕውቀት ለአገሩ መሐንዲሶችም የቅርብ ጉዳይ ሆነ።

አገሪቱን በጂቡቲ በኩል ከባሕር ጋር የማገናኘቱ ሐሳብ የኢልግም ሐሳብ ነበር። ውኃው ግቢ በገባበት በ1886 ዓ.ም. ምኒልክ የምድር ባቡሩን ፈቃድ ሰጡት። ቧንቧው በሕዝብ ፊት ፈንድቶ ቢሆን ኖሮ በሐዲዱ ላይ የሚኖረው እምነት ምን ይሆን እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ ተብሎ ከተሾመ በኋላ ግን ጊዜውን የሚወስዱት ደብዳቤና ውል ሆኑ። ለኢትዮጵያ ነጻነት በአውሮፓ መሟገቱ የሚያስመሰግነው ነው፤ ሆኖም ምሕንድስናው አንድ ብርቱ እጅ አጣ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ በገንዘብ እጦት ቆመ። ኢልግም ሠላሳ ዓመት ገደማ ካገለገለ በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በ1908 ዓ.ም. በዙሪክ አረፈ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ የቆመበት የቂርቆስ ሠፈርም ለገሃር ተባለ።