ግሬጎር ሜንዴል፦ የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው፣ በኩላሊት ሕመም የሞተው መነኩሴ

ግሬጎር ሜንዴል (እ.ኤ.አ. 1822–1884) የዘር ውርስ ሳይንስ አባት ተብሎ የሚጠራ መነኩሴ ነው። ብዙዎቻችን ስሙን የምናውቀው ከባዮሎጂ ትምህርት፣ ከአተር ጋር ተያይዞ ነው። በኋለኛ ዕድሜው በጣም ወፍሮ እንደነበረና የሞተውም በኩላሊት ሕመም እንደሆነ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ፣ ማለትም ውፍረት ከዘር ነው ወይስ ከአመጋገብ የሚለው፣ ከሕይወቱም ከሥራውም ጋር ይገናኛል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የገበሬው ልጅ

ሜንዴል የተወለደው በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ በምትገኝ ሃይንዘንዶርፍ በተባለች መንደር ነው። ክርስትና ሲነሳ የተሰጠው ስም ዮሃን ነበር። አባቱ አንቶን ገበሬ ስለነበር ልጁ የፍራፍሬ ዛፍ መንከባከብና ንብ ማነብ እየተማረ አደገ። በ1838 የወደቀ ግንድ አባትየውን ክፉኛ ጎዳው። የቤቱ አቅም ተዳከመ፤ የልጁም ትምህርት ሊቋረጥ ሆነ። በዚህ ጊዜ የደረሰችለት ታናሽ እህቱ ተሬዚያ ናት። ለጋብቻዋ ከተመደበላት ድርሻ ቆርሳ ሰጠችው። ሜንዴልም ውለታዋን አልረሳም። በኋላ የልጆቿን ትምህርት ደገፈ፤ ከእነርሱም ሁለቱ ሐኪሞች ሆኑ።

በ1843 በብርኖ ከተማ የቅዱስ ቶማስ ገዳም ገብቶ መነኮሰ፤ ግሬጎር የሚለውን ስምም ያገኘው ያኔ ነው። ቅስና ከተቀበለ በኋላ ሕሙማንን እንዲጎበኝ ተመድቦ ነበር። የሰው ስቃይ ማየት ግን እርሱንም አሳመመው። አበምኔቱ ይህን ተረድተው ወደ ማስተማር ሥራ አዛወሩት። ሜንዴል የመምህርነት ፈተናውን ማለፍ አልቻለም፤ ሁለተኛ ሙከራውም አልተሳካም። ቢሆንም በቪየና ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ተመለሰና ለዓመታት በብርኖ አስተማረ።

የአተሩ መደብ

ከ1856 እስከ 1863 ባለው ጊዜ ሜንዴል በገዳሙ ግቢ ውስጥ 28,000 ገደማ የአተር ተክሎችን አበቀለ። አበባው ሳይፈነዳ ከፍቶ ወንዴውን ክፍል ይነቅላል፤ ከዚያ የሌላ ተክል ብናኝ ይቀባዋል። በአገራችንም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ በምትገኘው ሆለታ፣ የግብርና ምርምር ማዕከሉ የደጋ ጥራጥሬዎችን፣ አተርና ባቄላን ጨምሮ፣ ያሻሽላል። ዝርያ የማዳቀል ሥራ ዛሬም የሚመራው በሜንዴል ሕግ ነው። ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከልም አላት፤ ሜንዴልም በገዳሙ ንብ ያረባ ነበር።

ሜንዴል ክብ ፍሬ ያለውን አተር ከጨምዳዳው ጋር ሲያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ክብ ሆነ። በሁለተኛው ትውልድ ግን ጨምዳዳው ተመልሶ መጣ። ሲቆጥራቸው 5,474 ክብና 1,850 ጨምዳዳ ፍሬ አገኘ፤ ይህም 3 ለ 1 ያህል ነው። ከዚህ የተረዳው እያንዳንዱ ተክል ለአንድ ባህሪ ሁለት መመሪያ እንዳለው፣ አንዱን ከእናት ሌላውን ከአባት እንደሚወርስ፣ አንደኛው ሳይታይ ተደብቆ ወደ ልጅ ልጅ ሊያልፍ እንደሚችል ነው። እነዚህን መመሪያዎች ዛሬ ዘረ መል እንላቸዋለን። ውጤቱን በ1865 አቀረበ፣ በ1866 አሳተመ። ዋጋው የታወቀው ግን ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ነው።

ይህ ሕግ ኩላሊት ለጋሽ በሚፈለግበት ጊዜ በእያንዳንዱ ቤተሰብ ውስጥ ይሠራል። የሰውነት መከላከያ ኃይል ባዕድ የሆነውን አካል የሚለይባቸው ዘረ መሎች ብዙውን ጊዜ በአንድነት ይወረሳሉ፤ አንድ ስብስብ ከእናት፣ አንድ ስብስብ ከአባት። ስለዚህ የአንድ እናትና አባት ልጆች የሆኑ ወንድም ወይም እህት በእነዚህ ዘረ መሎች ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድላቸው ከ4 አንድ፣ በግማሽ የመመሳሰል ዕድላቸው ከ4 ሁለት፣ ጨርሶ ያለመመሳሰል ዕድላቸው ከ4 አንድ ነው። አንድ ወንድም ወይም እህት ሳይመሳሰል ቢቀር ፍቅር ስለጎደለው ወይም ማንም ስላጠፋ አይደለም። ዛሬ ባሉት መድኃኒቶች ሙሉ በሙሉ ሳይመሳሰሉ መለገስም ይቻላል፤ ውሳኔው የሕክምና ቡድኑ ነው።

ውፍረቱና ሕመሙ

ሜንዴል በ1868 የገዳሙ አበምኔት ሆነ። ከዚያ በፊት ጀምሮ ወፍሮ ስለነበር ተክል ፍለጋ ዳገት መውጣት ያቅተው ነበር። ሲጋር አብዝቶ ያጨስ ነበር። በገዳሙ ግብር ምክንያት ከመንግሥት ጋር የገባው ክርክርም ለዓመታት አደከመው። በመጨረሻ ሰውነቱ በውኃ አበጠ፤ ልቡና ኩላሊቱ ደከሙ። ያኔ የብራይት በሽታ ይባል በነበረው ሥር የሰደደ የኩላሊት ብግነት ጥር 6 ቀን 1884 በ61 ዓመቱ አረፈ።

በዚያ ዘመን የኩላሊት እጥበትም ንቅለ ተከላም አልነበረም። የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ1954 በአሜሪካ ቦስተን ተደረገ፤ ለጋሹና ተቀባዩ ዘረ መላቸው አንድ የሆነ መንትዮች ነበሩ። በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥራው የተጀመረው በ2015 ነው።

ሜንዴል የተወለደበትን 200ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ የቼክ ተመራማሪዎች አፅሙን በ2021 አውጥተው ዲኤንኤውን መረመሩ። ከስኳር፣ ከልብና ከኩላሊት ሕመም ጋር የተያያዙ የዘረ መል ለውጦችን አገኙ። ይህ ግን ተጋላጭነት እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ሜንዴልን የገደለው ዘረ መሉ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ውፍረት እንደ አተር ፍሬ አይደለም

አተሩ ወይ ክብ ነው ወይ ጨምዳዳ። የሰው ክብደት እንዲህ አይለይም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘረ መሎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ይጨምሩበታል። ብዙዎቹ የሚሠሩት አንጎል ውስጥ፣ ረሃብንና ጥጋብን በሚቆጣጠረው ክፍል ነው። በደንብ ከተጠኑት አንዱ ኤፍ.ቲ.ኦ. ይባላል። ለውፍረት የሚያጋልጠውን ዓይነት ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው፣ ጨርሶ ካልወረሰው ጋር ሲነጻጸር በአማካይ 3 ኪሎ ያህል ይበልጣል። ሰውነታቸውን በሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ላይ ግን ይህ ተጽዕኖ በሩብ ያህል ቀንሶ ታይቷል። ስለዚህ ዘር አለበት፤ ዘር ብቻ ግን አይደለም።

ታማሚዎች የሚጠይቁት ሌላም አለ፦ ወፍራም ወንድም የሰጠው ኩላሊት ተቀባዩን ያወፍራል? አያወፍርም። አዲሱ ኩላሊት የለጋሹን ዘረ መል ይዞ ይቀጥላል፤ የረሃብና የጥጋብ ስሜትዎን የሚመሩት ግን የራስዎ ዘረ መሎች ናቸው።

ከንቅለ ተከላ በኋላ

በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ታማሚዎች ክብደት ይጨምራሉ። ሰውነት ከቆሻሻው ሲጸዳ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል፤ በእጥበት ጊዜ የነበረው ክልከላ ይላላል፤ ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ረሃብን ይቀሰቅሳል። ቤተሰብም ከሞት የተረፈውን ሰው ለማጠንከር ጉርሻ ያበዛል። በዘር የተጋለጠ ሰው ይህ ሁሉ ሲደራረብበት ቶሎ ይወፍራል። ይህ ስንፍና ተብሎ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ችላ የሚባልም አይደለም። ውፍረት ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ስለሚያጋልጥ የተተከለውን ኩላሊት ዕድሜ ሊያሳጥር ይችላል።

ስለዚህ፦

- በተመሳሳይ ሚዛን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዘኑ፤ ቁጥሩንም ይጻፉ።
- በወላጆችዎ ወይም በወንድም እህቶችዎ ዘንድ ውፍረት ወይም ስኳር ካለ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ።
- ለስላሳ መጠጥ፣ ስኳርና ቅቤ ይቀንሱ፤ አትክልት ይጨምሩ። ሐኪምዎ ከፈቀደልዎ ጊዜ ጀምሮ በየቀኑ በእግር ይሂዱ።
- ወፍራለሁ ብለው ፕሬድኒሶሎንም ሆነ ሌላ መድኃኒት በራስዎ አያቁሙ፤ መጠኑንም አይቀንሱ። ኩላሊቱን ሊያጡ ይችላሉ።
- ማቅጠኛ ተብለው የሚሸጡ ቅጠላ ቅጠሎችንና እንክብሎችን አይውሰዱ። ጾም ከመጀመርዎም በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።
- ክብደትዎ በጥቂት ቀናት ውስጥ በፍጥነት ከጨመረ፣ እግርዎ ወይም ፊትዎ ካበጠ ወይም ሽንትዎ ከቀነሰ፣ ነገሩ ውኃ መቋጠር ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ክፍልዎ ይደውሉ።

ሜንዴል የዘርን ሕግ አግኝቶ የራሱን ዘረ መል ሳያውቅ፣ እግሩ ሲያብጥም መድኃኒት ሳያገኝ አለፈ። ዛሬ ኩላሊት የተተከለለት ሰው የዘረ መል ምርመራ ባያደርግም እንኳ የቤተሰቡን ታሪክ፣ ሚዛኑንና የክትትል ቀጠሮውን በእጁ ይዟል። የወረስነውን መምረጥ አንችልም፤ እነዚህን ሦስቱን መጠበቅ ግን እንችላለን።